ከሐረር ደብዳቤ ይደርሳት የነበረች መንደር

የፈረንሳይን ገጠር በፖስታ ካርድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሮሽን ቢያይ መንገድ የሳተ ይመስለዋል። ኮረብታ ላይ የተሰቀለ ግንብ የላትም። ወይን አይተከልባትም። መስኮት ላይ አበባ ደርድሮ ቱሪስት የሚጠብቅ ሰውም አላየሁባትም። ከፓሪስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቤልጂግ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፣ አርደን በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች የገበሬ መንደር ናት። ከጎረቤቷ ከሹፊዪና ከሌሎች ትንንሽ ሰፈሮች ጋር ተዳምራ ሹፊዪ-ሮሽ የሚባል አንድ የአስተዳደር ክልል ሆናለች፤ የሁሉም ነዋሪ ቢቆጠር መቶ አይሞላም። እውነቱን ለመናገር ውብ መንደር አይደለችም።

እዚያ ምን ወሰደህ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ከ1880 ጀምሮ (ዓመታቱን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) ከሐረርና ከኤደን የሚጻፉ ደብዳቤዎች የሚደርሱት እዚህ ነበር። ጸሐፊው አርተር ራምቦ ነው፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በኋላ ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ ነጋዴ የሆነው። ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ያላየ አገር ጎብኚ ጥቂት ነው። የእናቱን መንደር ያየ ኢትዮጵያዊ ግን ብዙ አልገጠመኝም።

መኪናውን የሚነዳው ሬምስ ከተማ የሚኖር የድሬዳዋ ልጅ ወዳጄ ነው። ከሬምስ ወጥተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስንጓዝ መሬቱ ነጭ ነው። ከአፈሩ ሥር ያለው ጠመኔ ስለሆነ፣ ማረሻ የገለበጠው እርሻ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ዝናብ ሲጥል ውሃው ሰርጎ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት አገሩ ለዘመናት የበግ አገር ነበር፤ ሱፉ ለሬምስና ለስዳን ሸማኔዎች ይሄዳል፣ እረኛው ደሃ እንደሆነ ይቀራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እህል አይሆነውም ብለው ብዙውን ቦታ ጥድ ተከሉበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥዱ ተመነጠረ፣ ማዳበሪያ ገባ፣ ትራክተር መጣ፤ ያ ደሃ የተባለ መሬት ዛሬ ከፈረንሳይ ዋና ዋና የእህል ጎተራዎች አንዱ ነው። «መሬቱ ደክሟል» የሚባል ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስላደግሁ፣ ይህን ሜዳ ቶሎ ማለፍ አልፈለግሁም።

በመንገዱ ዳር ከሰው ቁመት የሚበልጥ ክምር ይታያል። የቀይ ሥር ዘመድ የሆነው፣ ስኳር የሚወጣበት ነጩ ሥር ነው። ናፖሊዮን ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ስኳር ቀረበትና በ1811 ገበሬው ይህን ሥር እንዲተክል በአዋጅ አዘዘ። ጦርነቱ አልፎ አዋጁ ቢረሳም ተክሉ ቀረ። አሁን ክምሩ በትልልቅ ካሚዮን ተጭኖ ሬምስ አጠገብ ወዳለው የባዛንኩር ፋብሪካ ይሄዳል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ የሚያሽከረክር ሰው ከመንኮራኩር የሚረግፈው ጭቃ እንዳያንሸራትተው ይጠነቀቃል። ሆላንዶች ወንጂ ላይ በ1954 ፋብሪካ ሲከፍቱ፣ እዚህ ስኳርን ከሥር ማውጣት ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሥራ ነበር። ከእርሻው በላይ ደግሞ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተሰልፈው ይዞራሉ። በአዳማ መንገድ የሚመላለስ ሰው አዲስ ነገር አይሆኑበትም።

ዡኒቪል የምትባለውን መንደር ቶሎ አለፍናት። የራምቦ ወዳጅ የነበረው ገጣሚው ፖል ቬርሌን በ1880 እዚህ እርሻ ገዝቶ ገበሬ ልሁን ብሎ ነበር፤ በሁለት ዓመት ከስሮ ሸጠው። ይበላባት የነበረችው ሆቴል ዛሬ የእሱ ሙዚየም ናት። መሬት የገጣሚ ስም አይታ አትራራም አለ ወዳጄ፤ እኔም አልተከራከርኩትም።

አቲኚ ላይ ግን ቆምን። አሁን አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ፋርማሲና ሰፊ አደባባይ ያላት ጸጥተኛ ከተማ ናት፤ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን የፍራንክ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ነበረባት። በ785 ለዓመታት ሲወጋ የኖረው የሳክሶኖች መሪ ዊዱኪንድ እዚህ መጥቶ ተጠመቀ፤ ክርስትና አባቱ ያሸነፈው ንጉሥ ሻርለማኝ ነበር። ይህን ሳነብ ቦሩ ሜዳ ትዝ አለኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. እዚያ ከተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎው መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁ ክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። ድል ያደረገ ንጉሥ የተሸነፈውን ሰው በጥምቀት ልጁ ሲያደርገው ነገሩ ከሃይማኖት አልፎ የመንግሥት ሥራ ይሆናል፤ የአቲኚም የቦሩ ሜዳም ጥምቀት እንዲህ ያለ ነበር። ከአቲኚ ቤተ መንግሥት ዛሬ አንድ ድንጋይ እንኳ ቆሞ አይታይም። በከተማዋ ጎን የሚያልፈው የአርደን ካናል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመዝን ወንዝ ከኤን ወንዝ ለማገናኘት የተቆፈረ ሲሆን፣ ከሉ ሼን እስከ ስሙዊ ባለው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ 26 የውሃ በሮች አሉት። ጀልባ በየበሩ ቆሞ ውሃው እስኪሞላለት ወይም እስኪጎድልለት እየጠበቀ እንደ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ከአቲኚ ሮሽ ቅርብ ናት። ጠባብ አስፋልት፣ የከብት መስክ፣ ጥቂት ቤቶች፣ ግዙፍ የቆርቆሮ መጋዘኖች። ሱቅ የለም፣ ቡና ቤት የለም። ከንቲባ ግን አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ወደ 35,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ የአስተዳደር ክልሎች አሉ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ነዋሪያቸው 500 አይሞላም። ሁሉም በአብዮቱ ጊዜ በ1789 የተወሰነላቸውን መብት እስካሁን ይዘዋል፤ ከንቲባ፣ ምክር ቤት፣ የልደትና የሞት መዝገብ አላቸው። ጥቂት ሰው ብቻ የሚኖርበት ቦታ ከንቲባው ሦስት ቀለም ያለውን መቀነት ታጥቆ ሙሽራ ያጋባል። መንግሥት ለማስተዳደር እንዲቀለው ልጠቅልላቸው ባለ ቁጥር ይጮኻሉ። ቀበሌ ተጣምሮ፣ ወረዳ ተከፍሎ፣ ስሙ ሲለዋወጥ ያየ ኢትዮጵያዊ በዚህ ግትርነት ሊቀና ይችላል። እኔ ቀንቻለሁ።

የራምቦ እናት የወይዘሮ ቪታሊ ኩዊፍ እርሻ የነበረበት ቦታ ላይ አንድ የግንብ ቁራጭና የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ቤቱን የጀርመን ጦር በ1918 ሲያፈገፍግ አፈራረሰው። በኋላ በቦታው የተሠራውን ቤት አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ፓቲ ስሚዝ በ2017 ገዛችው። ነገሩን ሳስበው ያስቀኛል። ሐረር ያለው ሰገነታም «የራምቦ ቤት» እሱ ከሞተ በኋላ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ እሱ አልኖረበትም፣ ሙዚየም ግን ሆኗል። እዚህ በእርግጥ የኖረበት፣ የታመመበት፣ የጻፈበት ቤት ደግሞ የግንብ ቁራጭ ሆኖ ከላም መስክ አጠገብ ቆሟል። ሐረሮች እንግዳ መቀበል ያውቁበታል ብል አድልዎ አይሆንብኝም።

ራምቦ መንደሩን አይወዳትም ነበር። በ1873 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ሰፈሩንም ገበሬዎቹንም ያላግጥባቸዋል። ግን በዚያው ዓመት ቬርሌን ብራስልስ ላይ ተኩሶ የእጁን አንጓ ሲያቆስለው የተመለሰው እዚሁ ነው፤ «አንድ ወቅት በሲኦል» የተባለውን መጽሐፉን የጨረሰው እዚሁ ነው። ብራስልስ ውስጥ 500 ቅጂ ታትሞ፣ የማተሚያው ዕዳ ሳይከፈል ቀርቶ፣ ቅጂዎቹ እስከ 1901 ድረስ መጋዘን ውስጥ ተረስተው ኖሩ። በ1879 መኸር ሲሰበሰብ ከቤተሰቡ ጋር እህል ሲያስገባ ጓደኛው መጥቶ ስለ ግጥም ቢጠይቀው፣ ያን ነገር ከእንግዲህ አላስበውም የሚል መልስ ሰጠው። በዓመቱ ሐረር ነበር።

መንደሯ ልጅ ወደ አፍሪካ ስትልክ የመጀመሪያዋ አልነበረም። የወይዘሮ ቪታሊ ታላቅ ወንድም አልጄሪያ ዘምቶ ሲመለስ መንደርተኛው «አፍሪካዊው» ይለው ነበር። የራምቦ አባት ካፒቴን ፍሬደሪክ ራምቦም አልጄሪያ ያገለገለ መኮንን ነው። መሬቱ ለሁሉም ልጆች አይበቃም ነበርና አንዱ ሲያርስ ሌላው ይወጣል።

በመንደሯ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ አጠገብ አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘን። ጣሪያ ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው፤ ማጠቢያ ማሽን ከመምጣቱ በፊት የመንደሩ ሴቶች ተንበርክከው ያጠቡበት፣ ወሬም ያወሩበት። ከየት እንደመጣን ሲጠይቁን ወዳጄ «ሐረር አጠገብ» አላቸው። ሐረርን ከግንቡ ጽሑፍ ያውቁታል። እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ለገጣሚው እንደሆነ፣ እሳቸው ግን ግጥሙን በትምህርት ቤት በግድ ከማጥናት በቀር እንዳልወደዱት ነገሩን። እሳቸው ማውራት የፈለጉት ስለ ስንዴ ነው። ስልካቸውን አውጥተው በፓሪስ ገበያ የዋለውን የስንዴ ዋጋ አሳዩን። ድሮ ብዙ ቤተሰብ ያርሰው የነበረውን መሬት ዛሬ እሳቸውና ልጃቸው ብቻ ያርሱታል፤ ትራክተሩ በሳተላይት ተመርቶ መስመሩን አይስትም። ብራስልስ ካለው የአውሮፓ ኅብረት ድጎማ ባይመጣ ግን ዓመቱን አንዘልቅም አሉ። ዳቦ ቤትና ትምህርት ቤት ካስፈለገ አቲኚ ነው። ከዚያ ለእሳቸው በጣም ተራ የሆነ ጥያቄ ጠየቁን፦

«እናንተ ዘንድ አንድ ሄክታር ስንት ይሸጣል?»

«አይሸጥም ጌታዬ» አለ ወዳጄ። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ ገበሬው ማረስና ለልጁ ማውረስ እንጂ መሸጥ እንደማይችል አስረዳቸው። ሽማግሌው ረዘም ያለ ጊዜ ዝም ብለው፣ «ታዲያ ባንክ በምን ያበድራችኋል?» አሉ። አዲስ አበባ ላይ ስንት ጉባኤ የተቀመጠበትን ጉዳይ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ዳር በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

የመሬት ነገር ከተነሣ የወይዘሮ ቪታሊንና የልጃቸውን ጠብ መተው አይቻልም። ራምቦ ሐረር ሲገባ የወር ደመወዙ 330 ፍራንክ ነበር፤ ቀለቡና ማደሪያው በቀጠረው የንግድ ኩባንያ ነው። ከዘይላ በሱማሌ በረሃ 20 ቀን በፈረስ ተጉዞ ነው የደረሰው። ያጠራቀማትን ገንዘብ ለእናቱ ላከ፣ አስቀምጪልኝ ብሎ። እናት ሳይጠይቁት ሮሽ ላይ መሬት ገዙበት። ሲሰማ ተናደደ፤ እኔ መሬት ምን ያደርግልኛል የሚል ደብዳቤ ጻፈ። እሳቸው ግን የገበሬ ልጅ ናቸው። ገንዘብ ይጠፋል፣ መሬት ይኖራል ብለው ያደጉ፤ ልጄ አንድ ቀን ተመልሶ ይቀመጥበታል ብለው ያሰቡ።

ይህን ስነግረው ወዳጄ መኪናውን ዳር አስይዞ ሳቀ። ፈረንሳይ ከመግባቱ በፊት ጅዳ ዓመታት ሠርቷል። የላካትን ሁሉ እናቱ ድሬዳዋ ላይ ቤት ሠሩበት። «አልጠየቁኝም! ሦስት ክፍል ሠርተው ካበቁ በኋላ ነው በስልክ ‘ቤትህ አልቋል፣ ና ግባበት’ ያሉኝ።» ቤቱን አከራይተውታል፤ እሱ ገብቶ አድሮበት አያውቅም።

በቀይ ባሕር ማዶ ሠርቶ ለእናት መላክ የእኛ ዘመን የእኛ ልጆች ዕጣ ይመስለን ነበር። በ1880ዎቹ ግን ላኪው ፈረንሳዊ ነበር፤ የሚሠራውም ኤደንና ሐረር። ደብዳቤዎቹን ያነበበ ሰው ሙቀቱን፣ የደመወዙን ማነስ፣ የአሠሪውን ክፋት፣ የሚስት ማግባት ሐሳብን፣ «በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ»ን ያገኛል። ስለ ግጥም ቃል የለም። መጽሐፍ ላኩልኝ ሲል የሚጠይቀው የጋሪ ሠሪ፣ የቆዳ ፋቂ፣ የግንበኛና የማዕድን ቆፋሪ መመሪያ ነው። ፎቶግራፍ ማንሻም አስልኮ በ1883 ሐረር ላይ ራሱን አንሥቶ ለሮሽ ላከ፤ አንዱን በሰገነት ላይ ሆኖ፣ አንዱን በቡና ተክል መካከል፣ አንዱን ሙዝ ሥር እጁን አጣምሮ። ፎቶዎቹ ደብዝዘዋል፤ ፊቱ በቅጡ አይለይም። አርደን ውስጥ ያለች ገበሬ እናት የቡና ዛፍን ምናልባት በዚያ ፎቶ አይታ ይሆናል።

የዚህ አገር ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ከገጣሚው ይልቅ ጦርነት ይቀድመዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሙሉ በሙሉ በጀርመን እጅ የወደቀ አንድ የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ቢኖር አርደን ነው፤ አራት ዓመት። የራምቦ እህት ኢዛቤል በ1914 ከሮሽ የሸሸችበትን መንገድ በመጽሐፍ ጽፋ፣ ጦርነቱ ሳያልቅ በ1917 ሞተች። በቅርቧ ከተማ በቩዚየ መቃብር ውስጥ ስሙን በቴኒስ ውድድር የምናውቀው ሮላን ጋሮስ ተቀብሯል። ቴኒስ ተጫዋች ሳይሆን አብራሪ ነበር፤ ጦርነቱ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ሲቀረው አውሮፕላኑ ተመትቶ እዚህ ወደቀ። ወደ ሰሜን ከፍ ሲሉ ደግሞ ላ ኦርኝ የምትባል መንደር አለች። በግንቦት 15 ቀን 1940 የጀርመንን ታንክ ያዘገዩባት ከአልጄሪያና ከሞሮኮ የመጡ ፈረሰኞች ነበሩ፤ ሁለቱም የሬጅመንት አዛዦች ከብዙ ወታደሮቻቸው ጋር ወደቁ። ስለ አፍሪካዊ ስደተኛ ጠንከር ያለ ቃል የሚናገር ፖለቲከኛ በዚህ ክፍለ ሀገር ብዙ ድምፅ ያገኛል። ላ ኦርኝን ያዩት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ምሳ የበላነው ከሮሽ ውጭ ነው፤ ሮሽ ምግብ ቤት የላትምና። አርደን የአሳማ አገር ነው። የሬቴል ነጭ ቋሊማ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ የደረቀው የአሳማ ሥጋም እንዲሁ። አሳማ እንደማንበላ ስንናገር የቤቱ እመቤት አሰቡና የደሃ ምግብ የሆነውን «ካካስ» አቀረቡልን፤ ድንችና ሽንኩርት በብረት ድስት የበሰለ። ሥጋ የለውም ብለው አረጋገጡልን። ወዳጄ በጥርጣሬ ሲጠይቃቸው፣ ድስቱ ብቻ በአሳማ ጮማ እንደሚታሽ ተናገሩ፤ እሱንም ሥጋ አንለውም አሉ። ስለዚህ ስኳር የተነሰነሰበት ለስላሳ ኬክና ቡና ይዘን ተነሣን። ስኳሩ የዚያው ሜዳ ስኳር ነው። ቡናው ከማሽን የወጣ ነበር፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም።

በ1891 ሐምሌ ራምቦ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሮሽ የተመለሰው በአንድ እግሩ ነው። ሚያዝያ ላይ ከሐረር እስከ ዘይላ በ16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ ወርዶ፣ ማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቆርጦ ነበር። የሐረር ገዥ ራስ መኮንን የእግሩን መቆረጥ ሰምተው ሐዘናቸውን ጽፈውለታል። ያ በጋ ሮሽ ላይ ዝናብና ብርድ ነበር። እንቅልፍ ስላጣ ኢዛቤል ከጓሮ የለቀመችውን የፖፒ አበባ አፍልታ ታጠጣዋለች። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ሐረር ፀሐይ ነው። እናት መሬቱን ገዝተው ቢጠብቁትም አልተቀመጠበትም። ነሐሴ ላይ ወደ ማርሴይ እንመለስ ብሎ ሲነሣ ጋሪው ላይ የተጠመደው ፈረስ አልሄድ ብሎ ከቮንክ ጣቢያ ባቡር አመለጠው፤ ሌላ ጠብቆ ሄደ። ቮንክ ላይ ዛሬ የዘወትር የመንገደኛ ባቡር አይቆምም።

በኅዳር 10 ቀን 1891 ማርሴይ ላይ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ባሉት ቀናት ኢዛቤልን አንዳንዴ ጃሚ እያለ ይጠራት እንደነበር እሷው ለእናቷ ጽፋለች። ጃሚ ሐረር ላይ ለዓመታት ያገለገለው ወጣት ነው። ለእሱ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዞ ነበርና ኢዛቤል ቃሉን ጠብቃ ገንዘቡን ወደ ሐረር ላከች። ሲደርስ ጃሚ ሞቶ ነበር፤ የተቀበሉት ወራሾቹ ናቸው።